ሦስቱ እምቢታዎቼ

እሺ ይበልጣል ከሺ ይላል ያገሬ ሰው። ይላል እንጂ አያደርገውም። እኛ እሺን እንደ ክት ልብስ አጥፈን ሣጥን ውስጥ አስቀምጠን የዘወትር የምንለብሰው እምቢን ነው። ካላመናችሁኝ በምሳ ሰዓት ጎረቤት ቤት ግቡና ብሉ ስትባሉ የምትመልሱትን ራሳችሁ አድምጡ። «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ትላላችሁ፤ ከትናንት ጀምሮ እህል ባፋችሁ ባይዞርም። ባለቤቲቱ እንዳልበላችሁ ታውቃለች፤ እናንተም ማወቋን ታውቃላችሁ። «በሞቴ» ትላለች። «ኧረ ጠግቤአለሁ» ትላላችሁ። «አፈር ስሆን» ትላለች። ይኼኔ «እንዲያው ሰው ታስቸግራላችሁ» እያላችሁ ወደ መሶቡ ጠጋ ትላላችሁ። በመጀመሪያው ግብዣ እጁን ታጥቦ የቀረበ አንድ ሰው በእኛ ሰፈር ነበረ። ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው፣ እስከ ዛሬ አልተረሳለትም።

ሹመትማ ከዚህም ይብሳል። ለደብር አለቅነት የታጨ ሰው ወዲያው እሺ ካለ ምእመኑ «ይሄ ሰው ምን ሊያገኝ ነው» ብሎ ይጠረጥረዋል። ደግ ሰው ማለት «ኢይደልወኒ» ብሎ፣ አይገባኝም ማለት ነው፣ አልቅሶ፣ ከሆነለትም ወደ ዱር ሸሽቶ፣ በልመና ተይዞ የሚመጣ ነው። እርግጥ በጣም ርቀው የሚሸሹት ጥቂት ናቸው። የሚበዙት የሚደበቁት ፈላጊ በቀላሉ የሚያገኛቸው ቦታ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው እኔ አንድ ጊዜ ከጣሊያን ሹም ፊት ቆሜ ያደረግሁትን ነገር እንድትረዱልኝ ነው። ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ግን የሚያውቀው ሌላውን ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ከይጁቤ ወዲያ ካለ ደብር የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። የቅኔ ተማሪ ማለት ቀኑን የግዕዝ ምሥጢር ሲፈለፍል ይውልና ወደ ማምሻው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምን፣ ከመንደሩ ውሻ ጋር በዱላ የሚነጋገር፣ የተማረ ለማኝ ነው። በዚህ አላፍርም ነበር፤ ሊቃውንቱ ሁሉ ያለፉበት ነው። ማፈር የጀመርሁት የባላምባራስ አድማሱን ልጅ ውድነሽን ካየሁ በኋላ ነው።

ደጃቸው ቆሜ ስለምን ወጣችና ቁራሽ ሳይሆን ሙሉ እንጀራ፣ እሱንም ከነወጡ ሰጠችኝ። «እኅቴ፣ ይሄ እኮ ቁራሽ አይደለም» ብላት «አንተስ ለቁራሽ ነው እንዴ በሳምንት አራቴ የምትመጣው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የምቀኘው ቅኔ ሁሉ በየት በኩል ብዬ ብጀምረው መጨረሻው እሷ ዘንድ ይደርስ ጀመር። ሽማግሌ ላክሁ። ባላምባራስ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ «ልጁ ምግባረ ሸጋ ነው ይባላል» አሉ። «ነገር ግን ደጄ ላይ ለሚለምን ሰው ልጄን ብድር፣ በሳምንቱ ሁለት ሆነው መጥተው ሊለምኑኝ ነው። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሥራ ይያዝ። አለዚያ ሌላ ጠያቂ አለ።» ሌላው ጠያቂ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው የሉማሜ ሰው ነበር። ቅኔ አያውቅም፤ አያስፈልገውምም።

በዚያው ሰሞን ገበያ ላይ ተለፈፈ። ደብረ ማርቆስ ለሕፃናት ፊደል የሚያስቆጥር አንድ መምህር ይፈለጋል፤ የሚያውቅ ሰው ሹሙ ዘንድ ቀርቦ ይጠየቅ ተባለ። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርሁ። ሥራው ውድነሽ ናት፤ አሠሪው ግን ጣሊያን ነው። ጠዋት ወደ መምህሬ ወደ የኔታ ሄድሁና ነገሩን ዘርዝሬ፣ የጠላት እንጀራ መሆኑን ነገርኋቸው።

«ሀሁ የማን ነው?» አሉኝ የኔታ።

«የእኛ።»

«እንግዲያስ ሂድ። እነሱ ይሄዳሉ፤ ሀሁ ግን የትም አይሄድም።»

ዝግጅቱን ራሳቸው ያዙት። የኔታ ለሥራ ተጠይቀው አያውቁም፤ ጣሊያንም ከቅርብ አላዩም። ሁለቱም ነገሮች እኔን ከማስተማር አላገዷቸውም። አንድ ወፍራም ተማሪ ጣሊያን ተደረገና ዱካ ላይ ተቀመጠ። ሹሙ ይጠይቀኛል ብለው የገመቱት ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ያለውን የቅኔ ዓይነት፣ የግሡን እርባታ፣ ምሥጢረ ሥላሴን ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠናሁ። ስለ ሕፃናት ያነሣ ሰው የለም። የሚያለቅስ ልጅ በምን ዝም እንደሚል፣ የሚያንቀላፋውን በምን እንደሚቀሰቅሱት ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዋናው ትምህርት ግን አመላለሱ ነበር። የኔታ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የምትለውን ተረት አስቀድመው እንዲህ አሉኝ። «ታውቃለህ ወይ ሲልህ አውቃለሁ ካልህ ጉረኛ ነው ብሎ ይንቅሃል። በመጀመሪያው፣ እኔ ምን አውቄ በል። በሁለተኛው፣ ከእኔ የሚሻሉ አሉ በል። በሦስተኛው፣ ለዚህ የምበቃ አይደለሁም ብለህ እጅ ንሣ። በአራተኛው ይለምንሃል። ያን ጊዜ፣ ትእዛዝ ከሆነ ብለህ ተቀመጥና ያለህን አውጣው።» ደግሞ ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ቅኔ ስትቀኝ እንደምታደርገው አሉኝ። ወፍራሙ ተማሪ በአራተኛው ላይ ከልቡ ይለምነኝ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት እንባ ይተናነቀው ጀመር። እኔም እየራራሁለት እሺ እለዋለሁ።

ቀኑ ሲደርስ ኩታዬን በእንዶድ አጥቤ፣ የየኔታን አንዲት ባርኖስ ተውሼ፣ የጨሞጋን ወንዝ ተሻግሬ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ከሹሙ ቢሮ ደጅ አሥር የምንሆን ሰዎች ተሰለፍን። ከኋላዬ የነበረው ደስታ የሚባል የይጁቤ ሰው ነው። ገበያ ዳር ተቀምጦ መጻፍ ለማይችል ሰው ማመልከቻና ደብዳቤ ይጽፋል፤ ትምህርቱ ከዳዊት አላለፈም። አዘንሁለት። ይህን ሁሉ መንገድ በከንቱ መምጣቱ ነው አልሁ በልቤ።

ተራዬ ደረሰና ገባሁ። ለብርሃን ሲባል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሹሙ ቀጠን ያለ፣ ከደብተሩ ቀና የማይል ሰው ነበር። አጠገቡ የቆመው ከመረብ ማዶ የመጣ አስተርጓሚ ከጠዋት ጀምሮ ሲናገር ስለዋለ ድምፁ ዝጓል።

«ማንበብና መጻፍ ታውቃለህ ወይ ይላል» አለኝ በሹክሹክታ።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ» አልሁ፤ ግቢው ሁሉ ሰማ።

አስተርጓሚው ሁለት ሦስት ቃል ነገረው። ሹሙ ጻፈ። አንደኛዋን በደህና አለፍሁ ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ልጆች ማስተማር እችል እንደሆነ ተጠየቅሁ። ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋልና እነሱን ይፈልጉ አልሁ። አሁን ሹሙ ቀና ብሎ አየኝ። ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚውም ሥራውን እፈልገው እንደሆነና እንዳልሆነ ቁርጡን እንድናገር ነገረኝ፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል። ልቤ ዘለለች፤ ሦስተኛዋ ደርሳለችና። ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና «እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም» አልሁ። ድምፄ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።

ሹሙ ደብተሩን ከደነ።

እኔ ልመናዬን እየጠበቅሁ ቆሜአለሁ። እነሱም እኔ እስክወጣ እየጠበቁ ቆመዋል። ጣሊያን «በሞቴ» አይልም። ይህን አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

«ትእዛዝ ከሆነ...» አልሁ ቀስ ብዬ።

«ማንም አላዘዘህም» አለኝ አስተርጓሚው።

ስወጣ ደስታ ከበሩ መቃን አጠገብ ቆሞ ነበር። ዐይን ለዐይን ተገጣጠምንና እኔ መሬት መሬት እያየሁ አለፍሁ። እሱ ገባ። አውቃለሁ፣ እችላለሁ፣ እፈልጋለሁ አለ፤ እንቁላል በማይበስልበት ጊዜ ውስጥ መምህር ሆኖ ወጣ። መንገዱን ሁሉ አለቀስሁ። ለሥራው አልነበረም ያለቀስሁት፤ ለውድነሽ ነው። የኔታ ዘንድ ደርሼ የሆነውን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ ምን አለ አሉኝ። ምንም አላለም፣ ደብተሩን ከደነ አልኋቸው። «ያልተማረ ነው» አሉ።

አሁን ወደ ውጭ ደጁ ልመልሳችሁ። እዚያ ተሰልፈው የነበሩት ሰዎች ጣሊያንኛ አይሰሙም። የአስተርጓሚው ሹክሹክታም አይደርሳቸውም። የሰሙት የእኔን ድምፅ ብቻ ነው፤ ያውም ሦስት ጊዜ፣ ያውም በቅኔ ዜማ። ያዩትም ሹሙ ደብተሩን መክደኑን ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ የይጁቤ ገበያ የጨመረው ግን ሐሳብ አልነበረም። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሥራ ያዝልኝ ቢለው ሦስት ጊዜ እምቢ አለው ተባለ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሹሙ ተነሥቶ ለምኖኝ ነበር። በሦስተኛው ደብተሩን የከደንሁበት እኔ ነኝ።

ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ ባላምባራስ አስጠሩኝ። ለሉማሜው ሰው መስጠታቸውን ሊነግሩኝ ነው ብዬ፣ እግሬ እየተጎተተ ሄድሁ። የባላምባራስ ቤት በዚያ ዘመን ብዙ ቤት የነበረበትን ሁኔታ የያዘ ነበር። ታላቁ ልጃቸው ከአርበኞቹ ጋር ዱር ነው፤ እሳቸው ግን የጣሊያን ሹም ባለፈ ቁጥር ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። እልፍኝ ስገባ እኚህ ሰው ከመደባቸው ተነሡልኝ። ሽማግሌዎቹም ተነሡ።

«ሥራ ያዝ ብዬህ ነበር» አሉኝ። «ልጄ በጠመንጃ እምቢ ያለውን አንተ ባዶ እጅህን ፊት ለፊት ቆመህ እምቢ አልኸው። ከዚህ ሌላ ምን ሥራ እጠይቅሃለሁ? ውድነሽ ያንተ ናት።»

ማርያምን አልዋሽም፤ እውነቱን ተናግሬአለሁ። «ባላምባራስ፣ ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። እኔ ሥራውን ፈልጌ ነው የሄድሁት» አልኋቸው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና «ሌላው ያልሠራውን ሠራሁ ይላል፤ ይሄ የሠራውን ይክዳል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ጊዜ ደግሜ ባስረዳ ያምኑኝ ይሆናል። ካመኑኝ ግን ውድነሽ ወደ ሉማሜ ልትሄድ ነው። ዝም አልሁ። እናንተ ብትሆኑ?

ወሬው ሹሙ ጆሮ ሳይገባ ብለው ሠርጋችንን በችኮላ አድርገው ወደ ቁይ፣ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሰደዱን። እዚያ ገበሬ ሆንሁ። የእኔን ግዕዝ በሬዎቹ አልሰሙትም፤ የእነሱንም ቋንቋ ለመማር ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ለውድነሽ እውነቱን ነግሬአታለሁ። ሳቀች። አመነችኝ ወይስ አላመነችኝም፣ ይኸው አርጅተን እንኳ አላውቅም።

ጣሊያን ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ ትናንት ባርኔጣ ሲያወልቅ የነበረው ሁሉ ዛሬ ባንዳ ለቃሚ ሆነ። በደብረ ማርቆስም ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ መምህር ይፈለጋል ተባለ። ውድነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቤት የሚያቆም ነገር ያስፈልገኛል። በዚህ ጊዜ ማንንም አላማከርሁም። መንገዱን ሁሉ አውቃለሁ፣ እችላለሁ፣ እፈልጋለሁ እያልሁ ሄድሁ።

ከእኔ በፊት ደስታ ገብቶ ነበርና በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። የሚጠይቁት ሦስት ሹማምንት ናቸው። በጣሊያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቁት። ልጆች አስተምር ነበር አለ። ለማን ብለህ ነው ያስተማርኸው አሉት። ለልጆቹ ብዬ አለ። ቀጥሎም «ያስተማርኋቸው ልጆች ደጅ ቆመዋል። ጠርታችሁ አስነብቧቸው» አላቸው። እውነትም ቆመው ነበር፤ እጃቸውንም ፊታቸውንም ታጥበው። ገብተው እንዲያነቡ የጠራቸው ሰው ግን አልነበረም፤ ደስታን ባንዳ ነህ ብለው አሰናበቱት።

እኔ ስገባ ሦስቱም ተነሡ። አንዲት ጥያቄ አልጠየቁኝም። የተማርሁትን «አውቃለሁ» የምልበት ቦታ አጣሁ። ደጅ የቆሙት ልጆች ዐይን ግን ወንበሩ ላይ አላስቀምጥ ስላለኝ፣ ያን ጊዜ ሥራውን ፈልጌ እንደሄድሁና እምቢ ያልሁትም እንዲለምነኝ እንደነበር ነገርኋቸው። ትልቁ ሹም እስኪያነባ ሳቀ። ይህን ቀልድ ለልጆቹም እንዳልነፍጋቸው መክሮኝ ስሜን ጻፈ።

ማስተማር ጀመርሁ ልበል? በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ድምፄ ጠፋ። የመወድስ ምሥጢር የሚፈታ ጭንቅላት አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም ማሰኘት አቃተው። ደህና የሚያነቡት ልጆች ደስታ ያስተማራቸው ነበሩ፤ እነሱም ሲያነቡ እኔን ሳይሆን በሩን ያያሉ። ቅዳሜ ተነሥቼ ይጁቤ ሄድሁ። ደስታ እንደ ድሮው ገበያ ዳር ተቀምጦ ለሰው ደብዳቤ ይጽፋል። ካጠገቡ ተቀመጥሁና እንዴት አድርገህ ነበር የምታስተምራቸው አልሁት።

አላፌዘብኝም። ከ«ሀ» አትጀምር፣ ከየስማቸው ጀምር፤ ልጅ የገዛ ስሙን ፊደል ካየ ወዲያ ራሱ ይፈልግሃል አለኝ። የሚያንቀላፋውን ጮኾ ከሚያነበው አጠገብ አስቀምጠው አለኝ። ሌላም ብዙ ነገር ነገረኝ፤ ጉባኤ ቤት ሰባት ዓመት ስቀመጥ ያልሰማሁትን። በመጨረሻ አላስችል አለኝና «ደስታ፣ ያን ቀን እኮ ሥራውን ፈልጌው ነበር» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «በሩ ላይ ነበርሁ። ጥያቄውንም ሰምቻለሁ፣ ፊትህንም አይቻለሁ።»

የሚያምነኝ ሰው ባገኘሁ ጊዜ ደስ ይለኛል ብዬ አስብ ነበር። አፈርሁ እንጂ ደስ አላለኝም። ታዲያ ለሹማምንቱ ለምን አልተናገርህም አልሁት። ብዕሩን በቢላዋ ጠረበ።

«ብናገር አንተ ትወጣለህ እንጂ እኔ አልገባም» አለኝ። «ልጆቹ ያለ መምህር ይቀራሉ።»

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይጁቤ እሄድ ነበር። እሱ የሰጠኝን ሰኞ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤቱ ሹም እንዲህ ያለ መምህር አይቶ እንደማያውቅ በየሄደበት ይናገር ጀመር። ይህ ከደስታ ያገኘሁት ነው ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ያልፋል።

የበኩር ልጄ ለፊደል ሲደርስ እኔ ዘንድ አላስገባሁትም። ይጁቤ አያቱ ቤት እያደረ ደስታ ዘንድ እንዲማር ላክሁት። ባላምባራስ መጀመሪያ ተቆጡ፤ መምህር አባት እያለው ለምን ባንዳ ዘንድ ይሄዳል አሉ። ደስታ ከእኔ አብልጦ ስለሚያስተምር ነው አልኋቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ ፊታቸው ፈካ። ለሰንበቴው ማኅበር ሁሉ፣ አማቻቸው የወደቀ ሰው እንጀራ እንኳ የሚገደው መሆኑን ነገሩ።

ልጁ በሁለት ወሩ፣ ቅዳሜ አያቱ ቤት ሳለሁ፣ የጻፈውን ወረቀት ይዞ መጣ። ላዩ ላይ የራሱን ስም፣ ከዚያ የእኔን፣ ከሥር ደግሞ «መምህሬ ደስታ ነው፤ አባቴንም እሱ ያስተምረዋል» የሚል ጽፎበታል። ባላምባራስ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ፊደል አልቆጠሩም። «የአባቱ ልጅ» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ምን እንደሚል አልጠየቁኝም። እኔም አላነበብሁላቸውም።